አፊኒቲ ክሮማቶግራፊ፦ ፕሮቲንን ለይቶ የማንጠር ዘዴና በሕክምና ያለው ጥቅም

አንድ ሴል በሺዎች የሚቆጠሩ የፕሮቲን ዓይነቶችን ይይዛል። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ለይቶ ማውጣት ለምርምር፣ ለምርመራና ለመድኃኒት ዝግጅት መሠረታዊ ሥራ ነው። ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ወይም በኤሌክትሪክ ሙላቸው መለየት ቢቻልም በእነዚህ ባሕርያት የሚመሳሰሉት ብዙ ስለሆኑ ሥራው በወንፊት ደጋግሞ እንደ መንፋት ነው፤ በየደረጃውም ከሚፈለገው ፕሮቲን የተወሰነው ይባክናል። አፊኒቲ ክሮማቶግራፊ ግን ፕሮቲኑን የሚለየው ከየትኛው ሞለኪውል ጋር እንደሚጣመር መሠረት በማድረግ ነው። ኤንዛይም ከሚገታው ንጥረ ነገር፣ ፀረ እንግዳ አካል ከአንቲጅን፣ ሆርሞን ከተቀባዩ ጋር የሚያደርጉት መጣመር ለዚህ ያገለግላል።

ዘዴው በአሁኑ መልኩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1968 ኩዋትሬካሳስ፣ ዊልቼክና አንፊንሰን የስታፊሎኮከስ ኑክሌዝ የተባለውን ኤንዛይም በዚሁ መንገድ ማንጠራቸውን ባሳተሙ ጊዜ ነው።

የአሠራሩ ደረጃዎች

በመጀመሪያ የሚፈለገውን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ሞለኪውል፣ ማለትም ሊጋንድ፣ ከባሕር አረም በሚገኘው አጋሮስ ወይም በሌላ በማይሟሟ ንጥረ ነገር ጥቃቅን እንክብሎች ላይ በጽኑ ይታሰራል። እንክብሎቹ በቱቦ ውስጥ ይሞላሉ። ቀጥሎ ቅይጡ በቱቦው ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ ተፈላጊው ፕሮቲን በሊጋንዱ ይያዛል፤ ሌላው ያልፋል። ከዚያም ቱቦው በባፈር ይታጠባል። በመጨረሻ የፈሳሹን ፒ ኤች ወይም የጨው መጠን በመለወጥ፣ አለዚያም ተወዳዳሪ ሞለኪውል በመጨመር፣ የተያዘው ፕሮቲን ይለቀቃል።

በሊጋንዱና በፕሮቲኑ መካከል ያለው ትስስር መጠነኛ ሊሆን ይገባል። ደካማ ከሆነ ፕሮቲኑ በእጥበቱ አብሮ ይሄዳል፤ እጅግ ከጠነከረ ደግሞ ለማስለቀቅ የሚያስፈልገው ኃይለኛ ፈሳሽ የፕሮቲኑን ቅርጽ ሊያበላሽ ይችላል።

ለመድኃኒት ዝግጅት

ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለው ባክቴሪያ ከሰውነት መከላከያ ለማምለጥ የአይ ጂ ጂ ፀረ እንግዳ አካላትን በጭራቸው በኩል የሚይዝ ፕሮቲን ኤ የተባለ ፕሮቲን አለው። ይህ የባክቴሪያው መሣሪያ ዛሬ ሞኖክሎናል ፀረ እንግዳ አካላትን ለማንጠር ያገለግላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያካተተው የጡት ካንሰር መድኃኒት ትራስቱዙማብ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሆኖም ከቱቦው የሚወጣው ምርት ወዲያውኑ ለሕመምተኛ አይሰጥም። ጥቂት ፕሮቲን ኤ ከእንክብሎቹ ተላቅቆ ሊቀላቀል ስለሚችል ተጨማሪ የማጣራት ደረጃዎች ይከተላሉ።

ለስኳር በሽታ ምርመራ

ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የደም ስኳር ሁኔታ የሚያሳየው የሄሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ ምርመራ በዚህ ዘዴም ይሠራል። ቦሮኔት የተባለው ሊጋንድ ስኳር የተጣበቀበትን ሄሞግሎቢን ይይዛል፤ ያልተጣበቀበት ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት የስኳር በሽታን ለመለየት እንዲያገለግል መክሯል።

ሄሞግሎቢን ኤስን የመሰሉ የተለወጡ ሄሞግሎቢኖች በኤሌክትሪክ ሙል የሚለዩ አንዳንድ መሣሪያዎችን ሊያሳስቱ ይችላሉ። ቦሮኔት የሚይዘው ስኳሩን በመሆኑ በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ አስተማማኝ ነው። ይሁን እንጂ የቀይ የደም ሴሎች ዕድሜ ካጠረ ዘዴው ችግሩን ሊያርመው አይችልም። በሄሞሊሲስ ምክንያት ወይም ከብዙ የደም መፍሰስ በኋላ ሴሎቹ ገና አዲስ ስለሚሆኑ ስኳር የሚጣበቅባቸው ጊዜ ያንሳል፤ ውጤቱም ከእውነተኛው ዝቅ ይላል።

ስለዚህ የጤና ባለሙያው ላቦራቶሪው የተጠቀመበትን ዘዴ ማወቅና የሕመምተኛውን የደም ሁኔታ መመልከት ይኖርበታል። ውጤቱ ከሕመም ምልክቶቹ ጋር የማይስማማ ሲሆን የደም ስኳርን በቀጥታ መለካት ተገቢ ነው።