ሠላሳ ሦስቱ እንዴት ይቆጠራል? ከሶላት በኋላ ስለሚባለው ዚክር

ዛሬ የማነሣው ርእስ ትንሽ ይመስላል። ከግዴታ ሶላት በኋላ «ሱብሓነላህ»፣ «አልሐምዱሊላህ»፣ «አላሁ አክበር» ስንት ጊዜ ይባላል? በምንስ ይቆጠራል? ርእሱን የመረጥኩት በዚሁ ጉዳይ አንዱ ሌላውን በቢድዓ ሲከስ ደጋግሜ ስለሰማሁ ነው።

ከቁጥሩ ልጀምር። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ በዘገቡት ሐዲስ፣ ድኾች ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርበው፣ ባለጸጎች እንደ እነርሱ እየሰገዱና እየጾሙ በገንዘባቸው ግን እንደበለጧቸው አመለከቱ። የተሰጣቸው መልስ ከየሶላቱ በኋላ ሦስቱን ቃላት 33 ጊዜ እንዲሉ ነበር። 33ቱ ለእያንዳንዱ ቃል ነው ወይስ ለሦስቱ በአንድነት? በዚህ ላይ ሐዲሱን ያስተላለፉት ሰዎች ራሳቸው ተለያይተዋል። ሱሐይል የተባለው አስተላላፊ 11፣ 11፣ 11 ብሎ ድምሩን 33 አድርጎታል። የተለመደው ግን ለእያንዳንዱ 33 ማለት ነው። በሙስሊም ዘገባ 99 ከተቆጠረ በኋላ መቶኛው «ላ ኢላሃ ኢለላህ» በሚለው ቃል ይሞላል፤ ከከዕብ ኢብን ዑጅራ በተላለፈው ደግሞ «አላሁ አክበር» 34 ጊዜ ይባላል። አራት ቃላትን 25፣ 25 ጊዜ የሚል ዘገባም አለ።

እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ዓብዱላህ ኢብን ዐምር ያስተላለፈው የ10፣ 10 ቁጥር ነው፤ ስሌቱ እዚያው ሐዲሱ ውስጥ ተሠርቶ ይገኛልና። 30 ቃል በ5 ሶላት ሲባዛ በምላስ 150 ነው፤ መልካም ሥራ በ10 እጥፍ ስለሚታሰብ በሚዛን 1500 ይሆናል።

ይኸው ዓብዱላህ ነቢዩ ተስቢሕን በእጃቸው ሲቆጥሩ ማየቱን ተናግሯል። የገባው የዐረብኛ ግሥ «ዐቀደ» ሲሆን ጥሬ ትርጉሙ «ቋጠረ» ነው፤ ጥንት ዐረቦች ጣቶቻቸውን እያጠፉ ቁጥር የሚይዙበት ስልት ነበራቸው። (የአማርኛው «ቋጠረ» ከ«ቆጠረ» ጋር በድምፅ መቀራረቡን ልብ በሉ፤ በሥርወ ቃሉ አልከራከርም፣ ለማስታወስ ግን ይረዳል።) ዩሰይራ የተባለች ሴት ባስተላለፈችው ሐዲስም ሴቶች በጣቶቻቸው እንዲቆጥሩ ታዘዋል፤ ምክንያቱም ጣቶች በፍርድ ቀን ተጠይቀው ይመሰክራሉ። ዛሬ ብዙዎች በአንጓ ይቆጥራሉ፦ ለእያንዳንዱ ጣት ሦስት፣ የአውራ ጣት ሥር ተጨምሮ በአንድ እጅ 15። ሁለት ጊዜ ዞረው ሦስት ሲጨምሩ 33 ይሞላል።

ጠጠርና የተምር ፍሬስ? ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ በእነዚህ የምትቆጥር ሴት ስለመታየቷ ያስተላለፈው ዘገባ አለ፤ ሆኖም በሰነዱ ጥንካሬ ላይ ሊቃውንት ተከራክረዋል። በሌላ በኩል ኢብን መስዑድ በኩፋ መስጊድ ተሰብስበው በጠጠር የሚቆጥሩትን ገሥጿል። እነዚህን ሁለቱን እርስ በርስ ማጋጨት ቸኩሎ መፍረድ ይመስለኛል፤ የኢብን መስዑድ ተቃውሞ በጠጠሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በክብ ተቀምጠው በአንድ መሪ ትእዛዝ በሚያካሂዱት ሥርዐት ላይ ነበርና።

ሙስበሓው፣ ማለትም 33 ወይም 99 ዶቃ ያለው መቁጠሪያ፣ የክርክሩ ዋና መነሻ ነው። በ1505 ያረፉት ሱዩጢ ስለ እርሱ ደግፈው አንዲት አነስተኛ ድርሳን ጽፈዋል፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አልባኒ በብርቱ ተቃውመዋል። እኔ ሚዛናዊ ሆኖ ያገኘሁት ኢብን ተይሚያ የሰጡትን መልስ ነው። በጣት መቁጠር ሱና ነው፤ በጠጠር ቢቆጠርም መልካም ነው፤ ዶቃ የያዘ ሰው ልቡ ቅን ከሆነ አይነቀፍም። የሚነቀፈው ሳያስፈልገው፣ ሰው እንዲያይለት፣ በአንገቱ የሚያንጠለጥለው ወይም እንደ አምባር በእጁ የሚያጠልቀው ነው።