ከካርቡሬተር ወደ ኢንጀክሽን፦ የቤንዚን መንገድ

መኪና ያለ ነዳጅ አይሄድም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ቤንዚኑ ከታንኩ ተነሥቶ ሞተሩ ዘንድ እንዴት እንደሚደርስ የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ይህን ማወቅ ለመካኒክ ብቻ የተተወ ሥራ አይደለም። አሮጌ መኪና ገዝቶ እህል ለሚያመላልስ ሰው፣ ማኅበሩ መኪና ላለው ገበሬ፣ በመኪና ለሚሳፈርም ሁሉ ይጠቅማል። ምክንያቱም የቤንዚኑ መንገድ ሲበላሽ ገንዘብ ይባክናል፤ ሲብስም መኪናው ከነሰዉ ሊቃጠል ይችላል።

1. ሁለቱ አሠራሮች

በቤንዚን የሚሠሩ የቆዩ መኪናዎች ካርቡሬተር የሚባል ዕቃ አላቸው። ሥራው ቤንዚንና አየርን መደባለቅ ነው። ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። አየሩ በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ነፋስ በሁለት ጎጆዎች መካከል ሲያልፍ እንደሚበረታ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ከትንሽ ቀዳዳ ቤንዚን እየሳበ ይዞ ይገባል። እንግዲህ እዚህ ላይ ቤንዚኑን የሚስበው አየሩ ነው። የፖምፓው ሥራ ካርቡሬተሩ እንዳይጎድል መሙላት ብቻ ነው።

ኢንጀክሽን የሚባለው አሠራር ግን ሌላ ነው። እዚህ ቤንዚኑ አይሳብም፤ በኃይል ይገፋል። ገበሬ በጀርባው አዝሎ ሰብል ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚረጭበትን መርጫ እናስታውስ። እጀታውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ በውስጡ ያለው መድኃኒት ይታመቃል። በጫፉም ቀዳዳ እንደ ጉም ሆኖ ይወጣል። ግፊቱ ሲያንስ ግን ጉሙ ይጠፋና ጠብ ጠብ ይላል። ኢንጀክሽንም እንዲሁ ነው። ጠንካራ የኤሌክትሪክ ፖምፓ ቤንዚኑን ይገፋዋል። ኢንጀክተር የሚባል ትንሽ መርጫ በኮምፒዩተር ትእዛዝ ይከፈታል፤ ይዘጋል። ኮምፒዩተሩ የሚገባውን አየር እየለካ ቤንዚኑን ይመጥናል።

ይህ አሠራር ትናንት የመጣ አይደለም። የጀርመኑ ቮልስዋገን 1600 እ.ኤ.አ. በ1967 በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ኢንጀክሽን ተገጥሞለት ለአሜሪካ ገበያ ቀረበ። በሀገራችን ብዙ ሰው የሚያውቃት ትንሿ ቮልስም ወደ አሜሪካ ስትላክ ከ1975 ሞዴል ጀምሮ ኢንጀክሽን ነበራት። ስለዚህ በካርቡሬተር ይሠራ የነበረ ሞተር በኢንጀክሽንም ሊሠራ ይችላል።

2. ለምን ይቀየራል?

አንዱ ምክንያት የአየሩ ጉዳይ ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን ደኅና ሆኖ እንዲቃጠል 15 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየር ደግሞ በቆላና በደጋ እኩል አይደለም። የጅቡቲ ወደብ ያለው ከባሕር ጠረፍ ላይ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ይሳሳል፤ ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ያህል ይጎድላል። ታዲያ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ያበዛል። መኪናው ጥቁር ጭስ ያወጣል፤ ጉልበቱ ይደክማል፤ ቤንዚን ይበላል። ኢንጀክሽን ግን አየሩን እየለካ ስለሚሰጥ ይህን ራሱ ያስተካክላል። በብርድ ጠዋትም ቶሎ ይነሣል።

ነገር ግን "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይባላል። ችግሩ የካርቡሬተሩ መቆሸሽ ብቻ ከሆነ አጥቦ፣ ለደጋው አየር እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከል ይበቃል። ወጪውም ያነሰ ነው። ካርቡሬተር መንገድ ላይ ተፈትቶ ሊጸዳ ይችላል። ኢንጀክሽን ግን ደኅና ባትሪ፣ ኮምፒዩተርና ብዙ ሽቦ ይፈልጋል። ቢበላሽ የሚያውቅ ባለሙያ ያሻዋል።

3. ግፊቱ ዐሥር እጥፍ ነው

መኪናውን ለማስቀየር የወሰነ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርቡሬተሩ ወጥቶ ኢንጀክተር ከተገጠመ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። ገና ነው።

የግፊት መለኪያ ባር ይባላል። ወደ ካርቡሬተር የሚሄደው ቤንዚን ግፊቱ ከ0.3 ባር እምብዛም አይበልጥም። ለኢንጀክሽን ግን ብዙውን ጊዜ 3 ባር ያህል ያስፈልጋል። ይህ ዐሥር እጥፍ ነው። የቤት መኪና ጎማ እንኳ የሚነፋው 2 ባር ወይም ከዚያ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው። በካርቡሬተሩ ቦታ አንድ መርጫ ብቻ የሚቀመጥበትና በ1 ባር ገደማ የሚሠራ ዐይነትም አለ። እሱም ቢሆን ከአሮጌው ፖምፓ አቅም በላይ ነው።

ስለዚህ አሮጌው ፖምፓ አይችልም። አሮጌው የጎማ ቱቦም ይፈነዳል ወይም ከመጋጠሚያው ይወልቃል። ያን ጊዜ ቤንዚኑ ይረጫል። የተረጨው ቤንዚን የጋለ የጭስ ማውጫ ወይም የኤሌክትሪክ ብልጭታ ካገኘ እሳት ነው። ከታንኩ እስከ ሞተሩ ያለው ቱቦ ለኢንጀክሽን ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ማሰሪያውም እንደዚሁ።

4. ፖምፓው የት ይቀመጥ?

ለዚህ ሦስት አማራጮች አሉ።

አንደኛው ፖምፓውን ከታንኩ ውጭ ማስቀመጥ ነው። ሥራው ቀላል ነው። ነገር ግን ይህ ፖምፓ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም። ስለዚህ ከታንኩ ወለል ዝቅ ብሎ፣ ወደ ታንኩ ተጠግቶ መታሰር አለበት። ቮልስ ለዚህ ትመቻለች። ታንኩ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ቤንዚኑም ከታንኩ ሥር ይወጣል። የዚህ አማራጭ ጉድለት ዳገት ላይ ይታያል። ቤንዚን ሲያንስ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ ፖምፓውም አየር ይውጣል። ሞተሩ ይንተፋተፋል። ፖምፓውን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ስለሆነ፣ ደርቆ ሲሽከረከር ቶሎ ይቃጠላል።

ሁለተኛው ፖምፓውን ታንኩ ውስጥ ማስገባት ነው። ቤንዚን ውስጥ ስለሚቀመጥ አይግልም፤ ድምፁም አይሰማም። ግን ታንኩን መቁረጥና መበየድ ያስፈልግ ይሆናል። እዚህ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ይደረግ! ባዶ ታንክ ከሙሉው ይበልጥ ያስፈራል። ቤንዚኑ ቢያልቅም ትነቱ ይቀራል። ትነቱ ከአየር ጋር ተደባልቆ እሳት ሲነካው ይፈነዳል፤ በያጁንም ይገድላል። ይህን ሥራ የሚያውቅ ባለሙያ እንጂ ሌላ ሰው አይንካው።

ሦስተኛው በመካከል ትንሽ ታንክ መጨመር ነው። ደካማው ፖምፓ ከትልቁ ታንክ ቀድቶ ትንሿን ይሞላል። ጠንካራው ፖምፓ ከትንሿ ቀድቶ ወደ ሞተሩ ይገፋል። ከወንዝ በእንስራ ቀድቶ ጋን መሙላት፣ ከጋኑም በጣሳ እየጨለፉ መጠጣት እንደ ማለት ነው። ዳገትም ሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ቢመጣ ትንሿ ታንክ ሙሉ ናት። ነገር ግን ቱቦውና መጋጠሚያው ስለሚበዛ የሚያንጠባጥብበትም ቦታ ይበዛል።

5. የሚመለሰው ቤንዚን

ፖምፓው ሁልጊዜ ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ይገፋል። የተረፈው ወዴት ይሂድ? በመስኖ ቦይ ከማሳው የተረፈ ውኃ ወደ ወንዙ እንደሚመለስ፣ ቤንዚኑም ግፊት በሚመጥን ዕቃ በኩል ወደ ታንኩ ይመለሳል። ብዙ የካርቡሬተር መኪናዎች መመለሻ ቱቦ የላቸውም። ስለዚህ ሁለተኛ ቱቦ ይዘረጋል። ወይም መጣኙ ዕቃ ታንኩ አጠገብ ይገጠምና ትርፉ ከዚያው ይመለሳል።

ማጣሪያም፣ መካኒኮች ፊልትሮ የሚሉት፣ አይረሳ። የኢንጀክተር ቀዳዳ በጣም ቀጭን ነው። ከጀሪካን የተቀዳ ቤንዚን አቧራና ውኃ ሊኖርበት ስለሚችል ቀዳዳውን ይደፍናል።

6. ሞተር ሲቆም ፖምፓውም ይቁም

በአሮጌው አሠራር ብዙ ጊዜ ፖምፓውን የሚያንቀሳቅሰው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲቆም እሱም ይቆማል። የኤሌክትሪክ ፖምፓ ግን ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ ይገፋል። መኪናው ተገልብጦ ቱቦው ቢበጠስ፣ ፖምፓው ሳያቋርጥ በተጎዳው ሰው ላይ ቤንዚን ያፈሳል። ስለዚህ ሞተሩ ሲቆም ፖምፓውን የሚያጠፋ ማቋረጫ መገጠም አለበት። ይህን ሳይጠይቁ መኪናን ከጋራዥ መረከብ አይገባም።

ሥራው ሲያልቅ ፖምፓው ብቻ እንዲሠራ ተደርጎ መጋጠሚያዎቹ አንድ በአንድ ይታዩ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አይጠጋ። የእሳት ማጥፊያ ወይም ደረቅ አሸዋ በቅርብ ይሁን። የቤንዚን እሳት ላይ ውኃ አይደፋ፤ ቤንዚኑ በውኃው ላይ ተንሳፎ እሳቱን ያሰፋዋልና። የቤንዚን ሽታ ከሸተተ ሞተሩ አይነሣ። "ሳይቃጠል በቅጠል" የተባለው ለዚህ ነው።

ጥያቄዎች

1. በካርቡሬተር ቤንዚኑን የሚስበው ምንድን ነው?
2. አሮጌው የጎማ ቱቦ ለኢንጀክሽን የማይሆነው ለምንድን ነው?
3. ባዶ ታንክ መበየድ ለምን ያስፈራል?
4. በአካባቢያችሁ ላለ መኪና ከሦስቱ አማራጮች የትኛው ይሻላል? ምክንያቱን ተወያዩበት።