የሐኒሽ ዓሣ የማን ነው?

ለሰሜን ሸዋው ራቤል ሰው ስለ ድንበር ጠብ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጎረቤት አንድ ትልም ገፋ ሲባል ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የወሰኑ ድንጋይ ይፈለጋል፤ በእርቅ ካላለቀ ፍርድ ቤት ይኬዳል። ባሕር ላይ ግን የወሰን ድንጋይ አይተከልም። ዓሣውም ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው።

አገሮች ባሕርን የሚለኩበት ሕግ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው)። ከዳርቻ እስከ 12 የባሕር ማይል፣ ማለትም 22 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያለው ውኃ እንደ መሬቱ የባለዳርቻው አገር ነው። የሌላ አገር መርከብ በሰላም ሊያልፍ ይችላል፤ ማስገር ግን አይፈቀድለትም። ከዚያ አልፎ እስከ 200 ማይል መተላለፊያው የሁሉም ነው፤ ዓሣው ግን የባለዳርቻው። ቀይ ባሕር 400 ማይል የሚሰፋበት ቦታ ስለሌለው ወዲህና ወዲያ ያሉት አገሮች ክልል ይደራረባል። መካከል ላይ ደሴት ካለማ ደሴቱን የያዘ ውኃውንም ይዞ ይሄዳል።

በሐኒሽ ላይ ጠብ ያስነሣው ይኸው ነው። በኤርትራና በየመን መካከል ያሉ ደረቅና ድንጋያማ ደሴቶች ናቸው፤ ኤርትራ በኢትዮጵያ ሥር ሳለች ይገባኛል ባዮቹ እኛ ነበርን። በ1995 መጨረሻ ሁለቱ አገሮች ተታኮሱና ኤርትራ ታላቁን ሐኒሽ ያዘች። በዓመቱ ግን ጉዳዩን ለግልግል ዳኞች ሰጡ። ዳኞቹም በ1998 የዙቀርንና የሐኒሽን ደሴቶች ለየመን፣ ለኤርትራ ዳርቻ የሚቀርቡትን ትንንሾቹን ደግሞ ለኤርትራ ፈረዱ። የባሕሩን መስመር በ1999 አሰመሩ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ያልከፈሉት ነገር ነው። የሁለቱም ዳርቻ ድሃ አስጋሪ ማንንም ሳያስፈቅድ በእነዚያ ደሴቶች ዙሪያ ሲያሰግር ኖሯል። ዳኞቹ ይህን አይተው፣ የኤርትራም ሆነ የየመን ባሕላዊ አስጋሪ መስመሩን ተሻግሮ እንዲያሰግር፣ ያገኘውንም በወዲያኛው ወደብ እንዲሸጥ ፈቀዱ። ትልልቅ የንግድ ማስገሪያ መርከቦችን ግን አልጨመሩም። መንዝ ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው ጓሳ የሚባለው የጋራ የሣር ምድር ነው። ሣሩ የአንድ ሰው አልነበረም፤ ቄሮ በሚባለው የመንዝ የጥበቃ ሥርዓት ለዓመታት ይዘጋና ቀኑ ሲደርስ ለባለመብቶቹ ሁሉ ይከፈት ነበር። ልዩነቱ ጓሳ ጠባቂ ነበረው። የሐኒሹ ፍርድ ጠባቂ ስላልተበጀለት የየመን አስጋሪዎች በኤርትራ ተያዙ የሚለው አቤቱታ ከፍርዱ በኋላም ለዓመታት ሲሰማ ኖሯል።

ነገሩ ባሕር ላይ ብቻ አይደለም። ኦሞ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ የሰሜኑ ጫፍ የኢትዮጵያ፣ የቀረው የኬንያ ነው። የዳሰነችና የቱርካና አስጋሪዎች እዚያ በዓሣና በመረብ ብዙ ጊዜ ተጋጭተዋል፤ ሰውም ሞቷል።

ባሕር የሌለው አገርስ? የ1982ቱ ሕግ አንቀጽ 69 እንዲህ ያለ አገር ከአካባቢው ባለዳርቻዎች ጋር ተስማምቶ ከሚተርፈው ዓሣ ድርሻ የማግኘት መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ ይህን ሕግ የፈረመችው ምፅዋና አሰብ በእጇ ሳሉ ነው። አላጸደቀችውም።