መጀመሪያ የት፣ ቀጥሎ ምን

ብዙ ሰው የነርቭ ሐኪም ሲባል ወይ ጭንቅላት ከፍቶ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ፣ ወይ የአእምሮ ሕመም የሚያክም ይመስለዋል። ኒውሮሎጂስት ከሁለቱም አይደለም። አንጎል፣ ኅብለ ሰረሰር፣ ነርቭና ጡንቻ ሲታመሙ በሽታውን ለይቶ በመድኃኒት የሚያክም ሐኪም ነው። ስትሮክ፣ የሚጥል በሽታ፣ ፓርኪንሰን፣ ማጅራት ገትር፣ አልለቅ ያለ ራስ ምታት፣ ሁሉም ወደ እርሱ ይመጣሉ።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በሬዚደንሲ ደረጃ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት ኒውሮሎጂስት መሆን የፈለገ ሐኪም ባሕር መሻገር ነበረበት፤ ከተሻገሩትም ያልተመለሱ ነበሩ። የኒውሮሎጂስት አስፈላጊነት ግን ቀድሞም ይታወቅ ነበር። ኒውሮሎጂስቱ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺሕ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት አስጠንተው፣ ከሺሕ ሰው አምስት ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይተዋል። ሥልጠናው ሊጀመር አንድ ዓመት ሲቀረው ደግሞ ዶክተር ጉታ ዘነበ ከአሜሪካዊው ዶክተር ጄምስ ባወር ጋር ሆነው የአፍሪካ አገሮች የኒውሮሎጂ አገልግሎት ምን ያህል የሳሳ እንደሆነ በሙያው መጽሔት ላይ ጽፈዋል።

ሬዚደንት ማለት የጠቅላላ ሐኪምነት ዲግሪውን ይዞ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም ነው። ተማሪም ሠራተኛም ነው። የሌሊት ተረኛ (ዱቲ) ሆኖ ያድራል፤ ጠዋት ሞርኒንግ ሴሽን ላይ ቆሞ ሌሊት የተቀበላቸውን ሕመምተኞች ያቀርባል፤ በራውንድ ከሲኒየሮቹ ጋር አልጋ ለአልጋ ይዞራል። ይህ በየትኛውም የሕክምና ክፍል ያለ ነው። የኒውሮሎጂን ሥልጠና የሚለየው የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። ሬዚደንቱ «በሽታው ምንድን ነው?» ከማለቱ በፊት «ጉዳቱ የት ላይ ነው?» የሚለውን መመለስ አለበት። ይህን የዘለለ በሲኒየሮቹ ፊት ላብ ያጠምቀዋል።

አንድ ሕመምተኛ እንውሰድ። ከጎጃም የመጣ ወጣት ገበሬ ነው እንበል። እግሮቹ እንደ ግንድ ደርቀዋል፤ ሲራመድ ጉልበቶቹ ይፋተጋሉ፣ አንዱ እግር በሌላው ላይ ይጠላለፋል። ሬዚደንቱ ከጉልበቱ ሥር በላስቲክ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሩ ከልክ በላይ ይፈናጠራል። ውስጥ እግሩን ከተረከዝ ወደ ጣቶቹ ሲጭረው አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይቀናል። ፓሪስ ይሠራ የነበረው ዦዜፍ ባቢንስኪ በ1896 (እ.ኤ.አ.) የገለጸው ምልክት ይህ ነው። የእግሩ ነርቭ ራሱ ተጎድቶ ቢሆን ኖሮ እግሩ ይልፈሰፈስ ነበር እንጂ አይደርቅም ነበር። ስለዚህ ጉዳቱ ከዚያ በላይ፣ ከአንጎል በኅብለ ሰረሰር በሚወርደው መስመር ላይ ነው። የት ጋ?

አሁን መርፌ ይመጣል። ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረጉ «ይሰማሃል?» ይባላል። እንብርት አካባቢ ሲደርስ ድንገት «አሁን ተሰማኝ» ካለ ኅብለ ሰረሰሩ ደረቱ መጨረሻ አካባቢ ተጨቁኗል፤ እኛ አገር ቶሎ የሚጠረጠረው የአከርካሪ ቲቢ ነው። በሌላ በኩል ስሜቱ ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ሽንቱንም ከተቆጣጠረ፣ ጥያቄው ወደ ማዕድ ይዞራል፦ በችግሩ ዓመት ምን ትበሉ ነበር? ለወራት ጓያ ብቻ ከነበረ መልሱ እዚያው ነው። የሁለቱ ዓይነት ሕመምተኞች አረማመድ አንድ ነው፤ ዕጣቸው ግን ይለያያል። ቲቢው ቶሎ ከተደረሰበት ይድናል፤ ጓያ ያደረቀው እግር እስካሁን የሚመልሰው መድኃኒት የለም።

ይህን ሁሉ በመዶሻና በመርፌ ብቻ መለየት ያስደንቃል፤ አንዳንዶችም «የኛ ሐኪሞች ያለ ማሽን ይሠራሉ» እያሉ ሲኮሩ ይሰማል። እኔ በዚህ አባባል አልስማማም። ምርመራው ኤምአርአይን አይተካም፤ ኤምአርአዩ የትኛውን የአካል ክፍል እንደሚያነሳ ግን ይወስናል። ለማያስፈልግ የወገብ ፎቶ ተከፍሎ ጉዳቱ ደረቱ ላይ ሆኖ ቢገኝ፣ በሬ ሸጦ ለመጣ ቤተሰብ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ትምህርት ደግሞ ንግግር ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ክብሪት ጭረው የሚያሸቱት አሉ፤ ሬዚደንቱ ይህ እንደማይጠቅም፣ ይልቅ በጎኑ ማስተኛት፣ ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ አፉ ውስጥም ምንም አለመክተት እንደሚሻል ለአስታማሚው ያስረዳል። ጸበል የሚያስጠምቁም ብዙ ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ቢባሉ መድኃኒቱን ሊተዉ ይችላሉ፤ በድንገት ማቆም ደግሞ የባሰ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪሙ ከእምነት ጋር ሙግት አይገጥምም። «እማዬ፣ ጸበሉን አይተዉ፤ ክኒኑንም ግን አንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡበት» ይላል። ክኒኑ ብዙ ጊዜ ፌኖባርቢታል ነው፤ አሮጌ ነው፣ ያደነዝዛል፣ ግን ርካሽ ነው።

ተመራቂዎቹ አብዛኞቹ በትልልቅ ከተሞች ይቀራሉ፤ ሕመምተኛው ግን በብዛት ገጠር ነው። እዚያ የሚያየው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ነው። ስለዚህ ኒውሮሎጂስቱ ለእነዚህ ባለሙያዎች የሚያስተምረው ብዙ ነው፦ የመድኃኒቱ መጠን እንዴት ቀስ እያለ እንደሚጨመር፣ መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሳይጠብቁ መርዳት እንደሚገባ፣ የትኛው ሕመምተኛ ደግሞ ሳይውል ሳያድር ሪፈር መባል እንዳለበት።