የአገር ጕበኛ፤ ስለ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም

ነቢዩ ሕዝቅኤል በከተማ ቅጥር ላይ ስለሚቆመው ጕበኛ የተናገረው ነገር ለሊቃውንት አዲስ አይደለም። ጕበኛው ሰይፍ መምጣቱን አይቶ መለከት ከነፋ በኋላ ሰምቶ ያልተጠነቀቀ ሰው ቢጠፋ ዕዳው የራሱ ነው፤ ጕበኛው አይቶ ዝም ቢል ግን ዕዳው በጕበኛው ላይ ይሆናል። ነቢዩ ያልገለጸው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ጕበኛው መለከቱን ነፍቶ ሲጨርስ ከቅጥሩ ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ዛሬ ልንጽፍለት ያሰብነው ሰው ታሪክ ይህንን ያሳያል።

በዛሬ ቋንቋ የአገር ደኅንነትና የመከላከያ ፖሊሲ ተንታኝ የሚባለው ሰው ሥራው ከዚህ ጕበኛ ሥራ ብዙ አይርቅም። ጦር አዝምቶ የሚመራው እርሱ አይደለም፤ የሚፈርደውና የሚያዝዘውም እርሱ አይደለም። የጎረቤትን አሳብ ይመረምራል፤ የመሣሪያን፣ የስንቅን፣ የመንገድንና የገንዘብን ልክ ይመዝናል፤ በውል ወረቀት ላይ የተጻፈውን ከውሉ ጀርባ ከተሸሸገው ለይቶ ለሚያዝዘው ሹም ያቀርባል። በወንጌል የተነገረለት ንጉሥ በ10,000 ሰው የ20,000ውን መግጠም ይችል እንደሆነ ተቀምጦ ሊመክር ሲያስብ፥ ቁጥሩን ሳያሳንስና ሳያበዛ የሚነግረው ሰው በአጠገቡ መኖር አለበት። ቁጥሩን ለማስደሰት ብሎ የሚያበዛ አማካሪ ከጠላት ሰላይ የባሰ ነው።

በአገራችን ይህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሲሆን በመጽሐፍ ሳይሆን በሰው ራስ ውስጥ ይቀመጥ ነበረ። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ በ1919 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ የጦር ሚኒስትር የነበሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በምክር ብልህነታቸው የተመሰገኑ ነበሩ፤ ከምክራቸው ግን ለእኛ የደረሰን በአፍ ሲወርድ የመጣው ነው። ጉዳዩን በትምህርት አጥንተው፥ በሥራ ፈትነው፥ በጽሑፍ ካስቀሩልን ሰዎች መካከል በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከፊተኞቹ ናቸው። ስማቸውን ከብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ስም ጋራ የሚያምታቱ ብዙዎች ናቸውና አንባቢ አስቀድሞ ይለይልን። ሁለቱም ያሰቡትን ሳይፈሩ የሚናገሩ ሰዎች ስለ ነበሩ መምታታቱ ጨርሶ ያለ ምክንያት አይደለም።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በሸዋ በ1876 ዓ.ም. ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በልዑል ራስ መኰንን ቤት ያደጉ ሲሆን፥ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ የሆነውን ጦርነት የ12 ዓመት ገደማ ልጅ ሳሉ ከራስ ሠራዊት ጋራ ሄደው አይተዋል። ከድሉ በኋላ ሊዮንቲዬፍ የተባለው የመስኮብ ሰው ወደ ሩሲያ ወሰዳቸው። በዚያም ሞልቻኖፍ በሚባል መኮንን ቤተ ሰብ ዘንድ አድገው፥ በሴንት ፒተርስቡርግ በሚካኤሎቭስኪ የመድፍ ትምህርት ቤት ተምረው የመድፈኛ መኮንን ሆኑ።

የመድፍ ትምህርት ከሌላው የጦር ትምህርት የሚለየው በቍጥር ላይ ስለ ቆመ ነው። ፈረሰኛ በድፍረቱ ይመካል፤ እግረኛ በብዛቱ ይመካል፤ መድፈኛ ግን ርቀቱን፣ ነፋሱን፣ የባሩዱን መጠንና የጥይቱን ክብደት ካላሰበ ዒላማውን ይስታል። ይህ ልማድ በሰውየው አእምሮ ውስጥ ዕድሜውን ሁሉ ቀርቶ ነበረ ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። ደግሞም ሩሲያ ሳሉ በ1896 እና በ1897 ዓ.ም. ትልቁ የሩሲያ መንግሥት በጃፓን ድል ሲሆን በዚያው አገር ሆነው ሰምተዋል። ልጅ ሳሉ በዓድዋ አፍሪካዊ ሕዝብ የኤውሮጳን ጦር ሲያሸንፍ ያዩት ሰው፥ ጐልማሳ ሆነው ደግሞ የእስያ ሕዝብ ሲያሸንፍ ሰሙ። ነገር ግን ሁለቱ ድሎች አንድ ዓይነት አይደሉም። የዓድዋ ድል የአንድነትና የጀግንነት ድል ነበረ፤ የጃፓን ድል ግን ከዚያ በላይ የትምህርት ቤት፣ የፋብሪካ፣ የግምጃ ቤትና የሕግ ድል ነበረ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው ጥቂት ቆይተው እንደ ገና ወደ ኤውሮጳ በሄዱ ጊዜ የተማሩት የእርሻ ትምህርት ነው። መድፈኛ የነበረ ሰው ወደ ማረሻ መዞሩ ለብዙ ሰው እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ለእኛ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ ሆነው ይታዩናል። ዱሮ ዘማቹ ስንቁን ከየቤቱ ይዞ በሚዘምትበት ጊዜ ጦርነቱ ከአንድ ክረምት ወዲህ ማለቅ ነበረበት፤ የገበሬው ጎተራ ሲራቆት ጦሩ ይበተናልና። እንግዲህ ስለ አገር ጥበቃ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ የሚቆጥረው ጥይቱን ነው ወይስ እህሉን? ተክለ ሐዋርያት ጅጅጋንና ጨርጨርን በገዙ ጊዜ ለከተማ አሠራርና ለእርሻ ያሳዩት ትጋት ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡበት ይመስለናል። የጅጅጋ ከተማ ቀጥ ያለ የመንገድ አቀያየስና የአሰበ ተፈሪ አቈራረጥ የእርሳቸው ሥራ ተብለው ይታወቃሉ። ጅጅጋ ደግሞ በድንበር አጠገብ ያለ አገር ነውና በዚያ ያስተዳደረ ሰው የድንበርን ነገር ከካርታ ብቻ አልተማረም።

በዚህ መካከል ፋቡላ የተባለ የአውሬዎች ጨዋታ ደርሰዋል። በአገራችን በቲያትር መልክ ከተሠሩት ጽሑፎች የመጀመሪያው ይኸው ነው። አውሬዎቹን አስመስለው የሹማምንትን ጉቦና ስንፍና የነቀፉበት ስለ ሆነ በቤተ መንግሥት አልተወደደም። ስለ አገር ጥበቃ በምንጽፍበት ቦታ ይህን የምናነሣው ለጨዋታ አይደለም። የጦር መሣሪያ መግዣ በመንገድ ላይ የሚቀርበት አገር ጠላት ሳይመጣበት ግማሽ የተሸነፈ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስለ ጉቦ ዝም ማለት አይችልም።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን፥ 55 አንቀጽ ያለውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው። ምሳሌ ያደረጉትም በ1881 ዓ.ም. በጃፓን የወጣውን ሕገ መንግሥት ነው። ዛሬ ይህንን ሕግ የሚያነብ ሰው ሥልጣንን ሁሉ በንጉሠ ነገሥቱ እጅ የሰበሰበ፥ ለሕዝብ ጥቂት የተወ መሆኑን አይቶ ይነቅፈው ይሆናል፤ ነቀፋውም ልክ ነው። የረቀቀበት ዘመን አሳብ ግን ሌላ ነበረ። እያንዳንዱ መስፍን የራሱ ጦር፣ የራሱ ግብርና የራሱ መሣሪያ በነበረው አገር፥ አንድ ሠራዊትና አንድ ግምጃ ቤት ለማቆም አስቀድሞ አንድ ሕግ ያስፈልግ ነበረ። ወዲያውም በገንዘብ ሚኒስቴር ሹመት በበጅሮንድነት መሥራታቸው የሕጉንና የገንዘቡን ነገር አንድ ላይ እንዲያዩት አደረጋቸው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንመጣለን። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. ወደ መንግሥታት ማኅበር ገብታለች። በሐምሌ 1920 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ተዋውላለች። በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከኢጣልያ ጋራ ስለ ጦር መሣሪያ አገባብ ውል ተፈራርማለች። በወረቀት ላይ ሲታይ ይህ ሁሉ ጋሻ ነው። ነገር ግን ባሕር በር የሌለው አገር መሣሪያ የሚያስገባው በሌላ ሰው በር ነውና፥ በሩን የያዘው ሲፈልግ ይከፍታል፤ ሲፈልግ ይዘጋል። የውሉ ቃል መሣሪያ የመግዛት መብትን ሰጠ፤ የውሉ መሬት ግን በጂቡቲ፣ በዘይላዕና በምጽዋ ነበረ። በ1927 ዓ.ም. እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ ለሁለቱም ወገን እንዳይሸጥ በከለከሉ ጊዜ፥ ክልከላው ለኢጣልያ ምንም አልነበረም፤ በአገርዋ ፋብሪካ ትሠራለችና። የታነቀችው ኢትዮጵያ ብቻ ናት። እኩል የሚመስል ፍርድ እኩል ባልሆኑት ላይ ሲወርድ እንዴት ግፍ እንደሚሆን ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ አናውቅም።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በዚህ ጊዜ በፓሪስ የኢትዮጵያ መልእክተኛ፥ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር የአገራቸው ጠበቃ ነበሩ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ሆነ። ወልወል ከድንበር ወደ ኢትዮጵያ ግዛት እጅግ ገባ ያለ የውኃ ጉድጓድ ያለበት ስፍራ ነው። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 25 ቀን በማኅበሩ ውል በ11ኛው አንቀጽ፥ መጋቢት 8 ቀን ደግሞ በ15ኛው አንቀጽ አቤት አለች። የሚመለከተው ሁሉ ኢጣልያ ወታደርዋን በየመርከቡ እየጫነች በስዊዝ ስታሳልፍ በዓይኑ ያይ ነበረ። በጄኔቭ ግን ኮሚቴ ኮሚቴን ወለደ። በጅሮንዱ መለከቱን ነፉ፤ ሰሚዎቹ ደግሞ የመለከቱን ድምፅ ስለ መስማታቸው ቃለ ጉባኤ ጻፉ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ። የማኅበሩ ምክር ቤት ኢጣልያ ውሉን አፍርሳ ጦር እንዳነሣች የወሰነው መስከረም 26 ቀን ነው። ካህናት ይህችን ቀን ያውቋታል፤ ጽጌ የሚገባባት ቀን ናት። ማኅሌተ ጽጌ በየአድባራቱ በሚቆምበት፥ የእመቤታችንና የልጅዋ ስደት በሚታሰብበት 40 ቀን ውስጥ መቀሌ ተያዘች፤ ጄኔቭም መከረች። ኅዳር 6 ቀን የቁስቋም በዓል ሆነ። በኢጣልያ ላይ የተወሰነው የንግድ ማዕቀብ ሥራ የጀመረው በዓሉ ባለፈ በሁለተኛው ቀን፥ ኅዳር 8 ቀን ነው። ከማዕቀቡም ውስጥ ነዳጅ ዘይት አልገባም። ታንክና አይሮፕላን በምን እንደሚንቀሳቀስ የማያውቅ ዲፕሎማት በዚያ ጉባኤ ነበረ ብሎ ማመን ያስቸግራል።

ተክለ ሐዋርያት በጦርነቱ ጊዜ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበረ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ጦሩ ከተሸነፈ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱን ወደ ውጭ መሄድ ከተቃወሙት አንዱ እርሳቸው ናቸው። አሳባቸውም ጦሩ በየጫካውና በየተራራው እየተዋጋ ጠላትን እንዲያደክመው ነበረ። ይህ ምክር የድፍረት ብቻ አልነበረም፤ የመድፈኛ ስሌት ነበረበት። በግልጥ ሜዳ ላይ አይሮፕላንና የመርዝ ጋዝ ያለው ያሸንፋል፤ በተበታተነ ጦርነት ግን የአይሮፕላን ጥቅሙ ይቀንሳል፥ የወራሪውም ወጪ በየቀኑ ይበዛል። አርበኞች ከዚያ በኋላ በአምስት ዓመት ያደረጉት ይህንኑ ስለ ሆነ፥ ምክሩ በሥራ ተመስክሮለታል ለማለት ይቻላል።

አብዛኛው መካሪ ግን በሌላ ወገን ሆነ። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጂቡቲ ሄዱ፤ ሰኔ 23 ቀንም በጄኔቭ ቆመው ለዓለም ተናገሩ። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ሰውን በሁለት ወገን ይከፍላል። ከእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ በቁስቋም በዓል የሚሰበሰበው ሕዝብ የሚያስበው ስደትን ነው። ቅዱስ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት ወደ ግብፅ መውረዱ ፍርሃት አልተባለለትም፤ ሊነግሥ ያለው ሕፃን በሄሮድስ ሰይፍ እንዳይጠፋ ነውና። ከአገር የወጣ መንግሥትም ሕጋዊነቱን ይዞ ስለ ወጣ፥ በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ በውጭ አገር መንግሥታት ፊት መሠረት ነበረው። ስለዚህ የሄዱትን ፈሪዎች፥ የተቃወሙትን ጀግኖች ብሎ በአንድ ቃል መጨረስ ለእኛ ቀላል አይሆንልንም። ይህ ሁሉ ቢሆን እንኳ ንጉሥ ከሠራዊቱ ሲለይ የሠራዊቱ ልብ ምን እንደሚሆን በጊዜው የተናገረ መካሪ መኖሩ ለመንግሥት ክብር ነው እንጂ ነውር አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የሰውየው የኋላ ዕድል ነው። ስደትን የተቃወሙት ተክለ ሐዋርያት ራሳቸው ወዲያው ከአገር ወጥተው፥ በኋላም በማዳጋስካር ደሴት ብዙ ዓመት ተሰደው ኖሩ። ነቃፊዎቻቸው ይህን ያነሡባቸዋል፤ የሚያነሡትም ሐሰት አይደለም። ምክርን መስጠትና ምክርን በራስ ላይ መፈጸም ሁለት ልዩ ልዩ ነገር መሆናቸውን ከእርሳቸው ታሪክ እናያለን። ሆኖም አኪጦፌል ምክሩ ስላልተሰማለት ወደ ቤቱ ሄዶ ያደረገውን እርሳቸው አላደረጉም፤ ወደ ጠላትም አልገቡም። አገር ነጻ ከወጣ በኋላም ወዲያው አልተመለሱም፤ የገቡት በ1940ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲያ በትልቅ ሹመት አልተሠራባቸውም።

ዛሬ ስለ ውጭ ጉዳይና ስለ ደኅንነት የሚያጠኑ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ በ1995 ዓ.ም. መንግሥት ስለዚሁ ጉዳይ ፖሊሲና ስትራቴጂ የሚል ሰነድ አሳትሞ አውጥቷል። በእነዚህ ቤቶች ተቀምጦ የሚጽፍ ወጣት ምሁር ከበጅሮንዱ የሚሻልበት ነገር ብዙ ነው፤ ካርታው አለው፥ ቁጥሩ አለው፥ የዓለም ወሬ በየሰዓቱ ይደርሰዋል። የሚቸግረው ምናልባት አለቃው የማይወደውን ቁጥር ጽፎ የማስገባቱ ነገር ነው። ለሹማምንት ደግሞ የሚቸግራቸው እንዲህ ያለውን ጽሑፍ ተቀብሎ፥ ባይስማሙበት እንኳ ቀን ጽፎበት በመዝገብ ቤት ማኖር ነው። በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የተደረገው ያ ትልቅ ምክር ዛሬ የሚታወቀው ከመዝገብ ይልቅ በነበሩት ሰዎች ትዝታ ነው፤ ትዝታዎቹም እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. አረፉ። በእጃቸው ጽፈው የተዉት የሕይወቴ ታሪክ የተባለው መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ የወጣው ካረፉ 30 ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ በዓድዋ ተራሮች መካከል የመድፍ ድምፅ የሰማው ልጅም፥ በጄኔቭ አዳራሽ ያልተሰማው ሽማግሌም ይገኛሉ።