የጅቡቲ መስመር ሹፌር ወገብ ለምን ያማል? ምንስ ይሻለዋል?

 

የዛሬው ጽሑፍ በተለይ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ለሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌሮችና ረዳቶች ነው። ባጃጅ የምትነዱም፣ ቢሮ ተቀምጣችሁ የምትውሉም አትለፉት፤ ወገብ ወገብ ነው፣ ይመለከታችኋል።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አዋሽ ሰባት ኪሎን አልፎ ገዋኔ፣ ከዚያ አዳይቱ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ሰመራ፣ ከዚያም በጋላፊ በኩል ድንበር። አገራችን ከውጭ ከምታስገባው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል ነው የሚመጣው፤ ብዙውን ደግሞ ተሸክሞ የሚያመጣው ከባድ መኪና ነው። መኪናው ዕቃውን ሲሸከም የሹፌሩ ወገብ ደግሞ መንገዱን ይሸከማል።

አዳይቱ ላይ ለሻይ የቆመ መኪና አይታችሁ ከሆነ ሹፌሩ እንዴት እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። መሬት ሲረግጥ ወዲያው ቀጥ አይልም፤ አንድ እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ ትንሽ ጎብጦ ይቆያል። ከዚያ አንዱ "ኩላሊቴ ነው" ይላል፣ ሌላው "ብርድ መትቶኝ ነው"፣ ሦስተኛው "ዲስኬ ተንሸራቷል"። መፍትሔውም እንደዚያው ነው፦ መርፌ፣ ቀበቶ፣ ወጌሻ፣ ወይም "ሳምንት ተኛ"።

ታዲያ የቱ ነው ትክክል? አንድ በአንድ እንየው።

🔹 ወገብ ላይ ምን እየሆነ ነው?

አብዛኛው የወገብ ህመም፣ ከ10 ሰዎች በ9ኙ ገደማ፣ አንድ የተለየ የተበላሸ ነገር የማይገኝበት ህመም ነው። ይህ ማለት "ህመሙ ውሸት ነው" ማለት አይደለም። ህመሙ እውነተኛ ነው፤ ግን የተሰበረ፣ የተቆረጠ ወይም የተመረዘ ነገር የለም። ጡንቻዎች፣ ጅማቶችና መገጣጠሚያዎች ጫና በዝቶባቸው፣ ነርቮችም ንቁ ሆነው እያስጠነቀቁ ነው።

በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ እንደ ሌላው አካል በቂ የደም ስር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከዙሪያው በሚሰርገው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ደግሞ ገብቶ የሚወጣው ሰው ሲንቀሳቀስ፣ ጫናው ሲጨምርና ሲቀንስ ነው። አራት አምስት ሰዓት ሳይነሳ የተቀመጠ ሹፌር ይህ ሂደት ይቀዘቅዝበታል። የወገብ ጡንቻውም በአንድ ሁኔታ ተወጥሮ ይደክማል።

በዚህ ላይ የመኪናው ንዝረት አለ። የተቀመጠ ሰው አከርካሪ ከላይ ወደ ታች በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ለሚመጣ ንዝረት ከሌላው የበለጠ ተጋላጭ ነው። የከባድ መኪና ወንበር ንዝረት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው እዚሁ አካባቢ ነው። የተቦረቦረ አስፋልት፣ ያረጀ የወንበር ሞላና ፍጥነት ሲጨመሩበት ጫናው ይብሳል። ለረጅም ዓመታት የሚነዱ ሰዎች ወገባቸውን ከሌላው በበለጠ እንደሚያማቸው በብዙ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ያሳያሉ።

ሦስተኛው ነገር እንቅልፍ ነው። ሌሊት ነድቶ፣ በጫት ነቅቶ፣ ጋቢና ውስጥ ሁለት ሰዓት ያሸለበ ሰው በማግስቱ ህመሙን አብልጦ ይሰማዋል። እንቅልፍ ያጣ አንጎል የህመም ማስጠንቀቂያውን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ መብራት አንዳንዴ ሞተሩ ደህና ሆኖ ሴንሰሩ ብቻ ሲነካ ይበራል አይደል? የቆየ የወገብ ህመምም ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው።

🔹 "ኤምአርአይ ተነስቼ ዲስክ ነው አሉኝ" ለምትሉ

ይህን በደንብ አንብቡት። በ2015 በወጣ አንድ ትልቅ ትንተና ወገባቸውን ምንም የማያማቸው ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል ታይቷል። ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶ የሚሆኑት የዲስክ እርጅና ምልክት ነበራቸው። በ80 ዓመታቸው ደግሞ 96 በመቶ! የዲስክ መወጠርም በ20 ዓመት 30 በመቶ፣ በ80 ዓመት 84 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል።

እንግዲህ ምስሉ ላይ "ዲስክ" የሚል ቃል ስለተጻፈ ብቻ ህመማችሁ ከእሱ ነው ማለት አይቻልም። ብዙው እንደ ፀጉር ሽበት ነው፤ ዕድሜ የሚያመጣው ለውጥ። ምስሉ የሚጠቅመው ሐኪሙ ከመረመራችሁ በኋላ የሚያሰጋ ምልክት ካገኘ ነው። ያለዚያ ብዙ ብር ከፍላችሁ ፍርሃት ገዝታችሁ ትመለሳላችሁ። የፈራ ሰው ደግሞ አይንቀሳቀስም፤ ያልተንቀሳቀሰ ወገብ ይደርቃል፤ የደረቀው ይበልጥ ያማል።

🔹 መተኛት ይሻላል?

የድሮው ምክር "ጠንካራ ነገር ላይ ተኛ፣ አትነሳ" ነበር። በ1995 ፊንላንድ ሄልሲንኪ ውስጥ ድንገተኛ የወገብ ህመም የያዛቸው 186 የከተማው ሠራተኞች በሦስት ተከፍለው ተጠኑ። አንዱ ቡድን ሁለት ቀን ተኛ፣ አንዱ የወገብ እንቅስቃሴ ሠራ፣ ሦስተኛው ህመሙ የፈቀደለትን ያህል የዘወትር ሥራውን ቀጠለ። ቶሎ የዳነው የትኛው ይመስላችኋል? ሥራውን የቀጠለው! በጣም የዘገየው የተኛው ነው።

ስለዚህ ህመሙ ሲበረታ አንድ ቀን ማረፍ ነውር የለውም። ሳምንት መተኛት ግን መድኃኒት አይደለም።

🔹 መርፌውስ?

እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ የዛሬው ጽሑፍ ዋናው ቦታ ይህ ነው።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ ሲወሰዱ ህመም ያስታግሳሉ። ነገር ግን እነዚህ መድኃኒቶች ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም የሚቀንሱ ናቸው። ሰውነት በቂ ውሃ ሲኖረው ኩላሊት ይቋቋመዋል። በሰመራና በሎጊያ ሙቀት፣ 40 ዲግሪን በሚያልፈው ፀሐይ፣ ላብ ጨርሶት ውሃ ያልጠጣ ሹፌር ሲወስዳቸው ግን ኩላሊቱን በእውነት ሊጎዱት ይችላሉ። "ኩላሊቴ ነው" ብሎ የጀመረው ሰው ደህና የነበረውን ኩላሊት በማስታገሻ ሊያሳምመው ነው። ጨጓራ ያለባችሁ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር ህመም ያለባችሁ ደግሞ በራሳችሁ ፈጽሞ እንዳትጀምሩ።

መርፌው ራሱም አደጋ አለው። መቀመጫ ላይ ቦታውን ስቶ ከተወጋ ወደ እግር የሚወርደውን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። የወገብ ህመም ይዞ የገባ ሰው እግሩን እየጎተተ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ትራማዶል ደግሞ እንቅልፍና ማዞር ያመጣል፣ ሱስም ያስይዛል። ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ይህ የራሱን ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ሕይወት የሚነካ ነገር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ታኅሣሥ 2023 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለቆየ የወገብ ህመም መመሪያ አውጥቷል። የሚመክረው ስለ ህመሙ ትክክለኛ ትምህርት፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ ማሳጅና መሰል የእጅ ሕክምናዎችን፣ የሥነ ልቦና ድጋፍን ነው። በዘወትር ሕክምና እንዳይሰጡ ከመከረባቸው ውስጥ ደግሞ የወገብ ቀበቶ፣ በመጎተት የሚሰጥ ሕክምናና እንደ ትራማዶል ያሉ ኦፒዮይድ መድኃኒቶች ይገኙበታል።

ወጌሻስ? ቀስ ያለ ማሸት ማስታገሱ አይካድም። በኃይል መጠምዘዝና መርገጥ ግን ይቅርባችሁ፤ በተለይ እግራችሁ የሚደነዝዝ ከሆነ።

🔹 ታዲያ የሚያድነው ምንድነው?

መንቀሳቀስ። ቀላል ይመስላል፤ ግን ማስረጃው ጠንካራ ነው። በ2024 አውስትራሊያ ውስጥ ከወገብ ህመም ያገገሙ 701 ሰዎች ተጠንተው ነበር። ግማሾቹ በፊዚዮቴራፒስት እየታገዙ ቀስ በቀስ በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ወደ መራመድ እንዲደርሱ ተደረገ። ሌሎቹ ምንም አልተደረገላቸውም። ህመሙ ተመልሶ እስኪመጣ ያልተራመዱት በአማካይ 112 ቀን ሲቆዩ፣ የተራመዱት 208 ቀን ቆዩ። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም! ዋጋው አንድ ጫማ ነው።

"ዶክተር፣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ፣ የት ልራመድ?" የሚል ይኖራል። መልሱ መቆሚያዎቻችሁ ላይ ነው፦

👉 ቢያንስ በየሁለት ሰዓቱ አንዴ ቁሙ። ገዋኔ፣ አዳይቱ፣ ሚሌ… መቆሚያ አይጠፋም። 5 ደቂቃ ይበቃል።

👉 ከጋቢና አትዝለሉ። ፊታችሁን ወደ መኪናው አዙራችሁ፣ እጀታ ይዛችሁ፣ ደረጃ በደረጃ ውረዱ።

👉 እንደወረዳችሁ ከባድ ነገር አታንሱ። ብዙ ሰዓት በመቀመጥ የተለጠጡት ጅማቶች ወደ ቦታቸው ለመመለስ ደቂቃዎች ይፈልጋሉ። ጎማ ለመቀየርም ሆነ ሸራ ለማጥበቅ መጀመሪያ ጎማውን እየመታችሁ መኪናውን ሁለት ሦስት ጊዜ ዙሩ። መኪናውም ተፈተሸ፣ ወገቡም ተፍታታ።

👉 እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተለጠጡ፤ 10 ጊዜ። ከዚያ የመኪናውን ደረጃ ይዛችሁ ቁጭ ብድግ በሉ፤ 10 ጊዜ። ትንሽ መሳቡ ችግር የለውም፤ ህመሙ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ ግን አቁሙ።

👉 የወንበሩን መደገፊያ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል አድርጉት። ሽርጣችሁን ጠቅልላችሁ ከቀበቶ ከፍ ባለው የወገብ ጎድጓዳ ላይ አስደግፉ። የኋላ ኪስ ውስጥ ያለውን ቦርሳና ስልክ አውጡ።

👉 ሽንታችሁ ነጣ ያለ ቢጫ እስኪሆን ውሃ ጠጡ። ጠቆር ካለ ውሃ አንሷችኋል ማለት ነው።

👉 ቤት ስትገቡ እንደ ሬሳ አትዘርጉ። ማታ ቀዝቀዝ ሲል ከልጆቻችሁ ጋር 20 ደቂቃ ተራመዱ፤ ቀስ በቀስ ወደ 30 አድርሱት።

ቢሮ የምትውሉትም ይኸው ነው። ለስልክ ስትነሱ እየቆማችሁ አውሩ፣ በየሰዓቱ ተነሱ። "ትክክለኛ አቀማመጥ" የሚባል አስማት የለም፤ ጥሩ አቀማመጥ ማለት ቶሎ ቶሎ የሚቀየር ነው።

ህመሙ ከ6 ሳምንት ካለፈ ወይም ከሥራ ካስቀራችሁ ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ሂዱ። ፊዚዮቴራፒ ማሳጅ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ባለሙያው አነሳሳችሁን፣ አቀማመጣችሁን፣ ጉልበታችሁን መርምሮ ለእናንተ ሥራ የሚሆን እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ ያወጣላችኋል። በአገራችን እንደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት በሙያው በዲግሪ ያስመርቃሉ፤ የአገራችን ተመራማሪዎችም በመምህራንና በነርሶች የወገብ ህመም ላይ ጥናት ሠርተዋል። ሙያው አለ፤ እንጠቀምበት።

🚨 እነዚህን ካያችሁ ግን ጉዞ አቁሙ!

❗ ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃታችሁ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ከደነዘዛችሁ፣ እግራችሁ ከሰነፈ፦ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ሰመራ አካባቢ ከሆናችሁ ዱብቲ ሆስፒታል፣ ሌላ ቦታ ከሆናችሁ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል በዚያው ቀን ግቡ። ነገ አይባልም።

❗ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ፦ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ያልተፈላ የግመል ወይም የፍየል ወተት የምትጠጡ ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባል ከእንስሳት የሚተላለፍ በሽታ ወገብንና መገጣጠሚያን ከትኩሳት ጋር እንደሚያሳምም እወቁ። ለሐኪሙ "ጥሬ ወተት እጠጣለሁ" ብላችሁ ንገሩት። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው።

❗ ከመገልበጥ፣ ከግጭት ወይም ከውድቀት በኋላ የመጣ ህመም፣ ወይም ካንሰር ታክሞ የሚያውቅ ሰው የሚሰማው አዲስ የወገብ ህመም።

❗ ትክክለኛው የኩላሊት ህመም ብዙ ጊዜ ከጎድን አጥንት ሥር በአንድ ጎን ይሰማል፤ ሽንት ማቃጠል፣ ደም ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ይከተለዋል። ስትጎነበሱና ስትነሱ የሚጨምረው፣ ስትራመዱ ቀለል የሚለው ግን በአብዛኛው ወገብ ነው።

ከእነዚህ ውጭ ያለው ህመም ያስጨንቃል እንጂ አያሰጋም፤ አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ህመም ነበረባቸው፤ ብቻችሁን አይደላችሁም። ወገባችሁ ተሰባሪ ብርጭቆ አይደለም፤ ለመታጠፍ፣ ለመሸከም፣ ለመራመድ የተሠራ ጠንካራ አካል ነው። ስንት ቶን ያሻገረን ወገብ በአንድ መርፌ ተስፋ አታስቆርጡት።

ሹፌር ባል፣ ወንድም ወይም አባት ያላችሁ ይህን አንብቡላቸው፣ ላኩላቸው። ጥያቄ ያላችሁ ከሥር ጻፉልን፤ ህመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ወደ እግር ይውረድ አይውረድ፣ የምትወስዱት መድኃኒት ካለ መጥቀስ አትርሱ።

በሰላም ግቡ! መልካም መንገድ! 🚛