ከሼክስፒር ሌቦች እስከ መቅደላ

ሲግናል አካባቢ በማስተምርበት ክፍል የሼክስፒርን «ሄንሪ አራተኛ» ስናነብ ተማሪዎቹ ሁሉ ሲስቁ አንድ ልጅ ብቻ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀመጠ። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ ለካስ በዋዜማው ማታ ታክሲ ሊሳፈር ሲጋፋ ስልኩን ከኪሱ መዝዘው ወስደውበታል። «ቲቸር፣ ሌባ ምኑ ያስቃል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነውና ለአንባቢዎቻችንም ላካፍለው ወደድሁ።

ክፍሉን ያሳቀው ፎልስታፍ ነው። ይህ ወፍራም፣ ሸምገል ያለና መጠጥ ወዳድ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ጋድስ ሂል በሚባል ስፍራ አድብቶ መንገደኞችን ይዘርፋል። ገንዘቡ ወደ ንጉሡ ግምጃ ቤት የሚሄድ እንደ ነበር የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ ልብ ይበልልኝ! ወዲያው አልጋ ወራሹ ሃል ከአንድ ባልንጀራው ጋር ራሱን ለውጦ ይመጣና ዘራፊዎቹን መልሶ ይዘርፋቸዋል። ፎልስታፍ መጠጥ ቤት ደርሶ ጀብዱውን ሲያወራ፣ ሁለቱ ሰዎች በአፉ ውስጥ እየተራቡ ዐሥራ አንድ ይደርሳሉ። ልዑሉ ግን ገንዘቡን ለባለቤቶቹ ያስመልሳል። የምንስቀውም የተወሰደው ስለ ተመለሰ ነው፤ ስልኩ ያልተመለሰለት ልጅ አለመሳቁ አያስወቅሰውም።

ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሷቸው ተውኔቶች ውስጥ ደግሞ የስርቆቱ ዓይነት ይለወጣል። በ«ሐምሌት»ና በ«ማክቤዝ» የሚሰረቀው ዘውድ ነው። በ«ኦቴሎ» አንዲት መሐረብ ከባለቤቷ እጅ በመውጣቷ ንጹሕ ሰው ይሞታል።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ግን ባርዶልፍ ነው። ጋድስ ሂል ላይ ከፎልስታፍ ጋር የነበረ፣ ከልዑሉም ጋር መጠጥ ቤት ያመሸ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1599 ገደማ በተጻፈው «ሄንሪ አምስተኛ» ልዑሉ ነግሦ ፈረንሳይን ሲወጋ፣ ባርዶልፍ ወታደር ሆኖ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በቅዳሴ ጊዜ የሚሳለሙትን ትንሽ ንዋየ ቅድሳት ይሰርቃል። በስቅላት ይቀጣል። ንጉሡ ዜናውን ሲሰማ ለቀድሞ ወዳጁ አያዝንም፤ ከአገሬው መንደር ያለ ዋጋ አንዳች እንዳይወሰድ ያዝዛል። ንጉሡ ራሱ አገሩን በሙሉ ሊወስድ መምጣቱን ግን ተመልካች አይዘነጋውም።

የእንግሊዝ ኤምባሲ ከኛ ሰፈር ብዙ አይርቅምና፣ እዚህ ላይ ስንደርስ ያው ልጅ እጁን አወጣ። «መቅደላስ?»

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የጄኔራል ናፒየር ወታደሮች ግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን በረበሩ። ጄኔራሉ ባርዶልፍን እንደ ሰቀለው ንጉሥ አላደረጉም። ዕቃው ተሰብስቦ ደላንታ ሜዳ ላይ ሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ፤ ገንዘቡም ለወታደሮቹ ተከፋፈለ። ዕቃውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች አስፈልገው ነበር ይባላል። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስም ከዘመቻው ጋር ነበርና ለሙዚየሙ በርካታ ብራናዎች ገዛ። ሐራጅ ሲሉት ስርቆት መሆኑ ቀረ እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1871 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስቶን ራሳቸው በፓርላማቸው፣ ዕቃዎቹ በመወሰዳቸው ማዘናቸውን ተናግረዋል።

ኤዲንብራ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን የተገኘ ታቦት እ.ኤ.አ. በ2002 ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ ሕዝቡ በእልልታ ተቀብሎታል። ይህን ስነግራቸው ልጁ ፊቱ ፈካ አለ፤ ወዲያው ግን «ሌሎቹስ?» ብሎ ጠየቀ። ብሪቲሽ ሙዚየም ዐሥራ አንድ ታቦቶች ለሕዝብ ሳያሳይ እንደ ያዘ፣ ዕቃ እንዳይመልስም እ.ኤ.አ. የ1963 ሕግ እንደሚጠቅስ ነገርሁት።

«ሕጉን ያወጣው ማነው?» አለ።

«ፓርላማቸው» አልሁት። ደወሉም ተደወለ።